ያልቆሸሸችው ሽጉጥ

ሻምበል ባሻ ነጅሜቲን ከተኩስ ጠረጴዛው ሥር በጀርባቸው ተዘርረዋል። ጥይቷ ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ገብታለች። ቀኝ እጃቸው ጠዋቱን ሙሉ ሲፈትኗት የነበረችውን ሽጉጥ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከጥቁር ባሕር የተነሳው ጉም ፍንዲቅ በሚባለው ለውዝ ቁጥቋጦዎች ላይ ተንሸራቶ ጫማቸው ድረስ መጥቶ፣ የሚያየው ነገር ያሳፈረው ይመስል እዚያው ቆሟል።

ኮሚሰር ሹክራን እርጥብ ካልሲዋ ውስጥ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። ከዋናው መንገድ ሳትወርድ ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ያላት አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ። «ምን ያስመረምራል? ሽጉጧ ጥይት ነከሰችባቸው፤ ተናደው አፈሙዟን ወደ ዓይናቸው አዞሩ፤ ባረቀች። ርካሽ ዕቃ! የገጣጠማትን ባለሙያ ከምሽት በፊት ይዘሽልኝ ነይ።» መልስ ሳትሰጥ ዘግቶባታል። አሁን መልሳ ልትደውል ብትሞክር ስልኳ እዚህ ጉም ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

ሽጉጧን የሚሠራው ፋብሪካ ባለቤት ሪፍቂ ቤይ ከግራጫ ኮታቸው ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው ቀረቧትና፣ ቤታቸው እንግዳ እንደመጣባቸው ሁሉ መዳፏ ላይ ኮሎኛ፣ ያንን አልኮል የበዛበት የእጅ ሽቶ፣ አንጠባጠቡላት። የትንባሆ ቅጠል ሽታ አፍንጫዋን ሞላው።

«አላህ ያጽናዎት፣ ሪፍቂ ቤይ።»

«አሜን። ጓደኛዬ ነበር፣ ኮሚሰር። አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሞረድ ይዘን ነው አብረን ያደግነው። እሱ ወታደር ቤት ገባ፤ እኔ...» ለስላሳ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩዋት። «እኔ ፈራሚ ሆኜ ቀረሁ። ዛሬ ሽጉጥ ፍታ ብትይኝ ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም።»

«ተኩሱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ ስልክ እያወራሁ። ሰምቻለሁ። ግን ተኩስ ሜዳ ላይ ተኩስ ቢሰማ ማን ዞሮ ያያል?» በአገጫቸው ወደ ሜዳው ዳር ጎጆ ጠቆሙ። «ሂዲርን ጠይቂው። እሱ ነው የገጣጠማት። እኔ አመንኩት፤ እሱ ሰው ገደለብኝ።»

ሂዲር ኡስታ ከጎጆው ደጃፍ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጺማቸው የሸበተ፣ ጣቶቻቸው የጠቆሩ የሽጉጥ ባለሙያ ናቸው። ሁለት ፖሊሶች ካሁኑ እንደ እስረኛ ግራና ቀኝ ቆመውባቸዋል። ሹክራን ይህን ስታይ ይበልጥ ተናደደች። ሁሉም ሰው ሥራዋን ጨርሶላት፣ ለእሷ የቀራት መፈረም ብቻ ይመስላል።

ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የጆሮ መከላከያው አንገታቸው ላይ ነው። የተኩስ መነጽራቸው ታጥፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። ትንሽ አሰበች፤ አልተመቻትም። ከዚያ ጓንት አጠለቀችና የሽጉጧን ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ ካለው የፈተና ካርድ ጋር አስተያየች። ራሷ ናት፤ አልተቀየረችም።

«ሰባሃቲን!»

የሜዳው ጠባቂ ሰባሃቲን ከምድጃው ዘንድ እየሮጠ መጣ። ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው።

«ሻይ ላምጣ ኮሚሰር?»

«ሻይ አይደለም የምፈልገው!»

«ሻምበል ባሻም ዛሬ እንዲሁ ነበሩ። አፈላሁ፣ አልጠጣም አሉ፤ ደፋሁ። ደግሞ አፈላሁ፣ ደግሞ ጮኹብኝ። ሰው እንዴት በባዶ ሆዱ እንደዚያ ይናደዳል?»

«በማን ነው የተናደዱት?»

«በሽጉጧ ነዋ! ትንሽ ትተኩስና ጥይት ትነክሳለች። ያላቅቋታል፤ ደግሞ ትተኩሳለች፤ ደግሞ ትነክሳለች። ‹አንቺ አህያ፣ ባለቤትሽን ነው የምትመስይው!› ይሏታል፣ ሪፍቂ ቤይ እየሰሙ። ያ ትልቁ የጥበቃ ድርጅት የሚገዛው ሻምበል ባሻ አልፋለች ብለው ከፈረሙ ብቻ ነው። ደግሞ ማጽዳት ክልክል ነው።»

«ማጽዳት ክልክል ነው ስትል?»

«የሻምበል ባሻ ሕግ ነው። ፈተናው እስኪያልቅ አትጸዳም፣ ዘይት አታይም። ‹ዝናብ ላይ የቆመ ዘበኛ ሽጉጡን የሚያጥብለት ሞግዚት አለው ወይ?› ይሉ ነበር። ዘይቱንም ጨርቁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቆለፉኝ። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ።»

«ተኩሱ ከመሰማቱ በፊት ማን የት ነበር?»

«እሳቸው ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ ትተው ዒላማውን ሊያዩ ወደ ታች ወረዱ። እኔ እሳት አነዳለሁ፤ ሂዲር ኡስታ ከጎጆው ኋላ ይሰግዳሉ። ከዚያ አንድ ተኩስ። ‹ጀመሩ ደግሞ› ብዬ ውኃ ጨመርኩ። ሻይ ይዤ ብመጣ... እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ፖሊስ ለመጥራት እንኳ እስከ ዋናው መንገድ ሮጬ ልቤ ሊወጣ ነበር፤ ጉም ከገባ እዚህ ስልክ የሚባል ነገር የለም።»

ሹክራን ንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ አፈሙዟ ውስጥ አስገባች፤ አሽከርክራ አወጣችው። የጠበቀችው ጥቁር ጥላሸት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ቀጭን ግራጫ ጭረት ብቻ ነው፤ የአንዲት ጥይት ጢስ። የላይኛውን ብረት ስባ ውስጡን በባትሪ አየችው። ያበራል።

«ጠዋቱን ሙሉ የተኮሰች ሽጉጥ!» አለች ለራሷ።

በዚህ መሐል አንደኛው ፖሊስ እየፈገገ መጣ። «ኮሚሰር፣ ባለሙያው ኪስ ውስጥ የተገኘ ነው።» ትንሽ የሽጉጥ ዘይት ጠርሙስ ነበር።

ሹክራን ዓይኗን ጨፈነች። ዐቃቤ ሕጉ ትክክል ሊሆን ነው፤ ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ ይሄ ነው። ጠርሙሱን ይዛ ሂዲር ኡስታ ፊት ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው ኡስታ?»

«ዘይት ነዋ! አንቺ ያለ እስክሪብቶ ከቤት ትወጫለሽ?»

«ሽጉጧ ጸድታለች። እርስዎ ዘይት ይዘዋል።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ጸድታለች? ማን ደፈረ?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ እንድትወድቅ ነበር የምለምነው። ይቺ አዲሷ ሞላ ደካማ ናት፤ ጥላሸት ሲበዛባት ላይኛውን ብረት መልሳ መግፋት ያቅታታል ብዬ ጮኼአለሁ። ሪፍቂ ቤይ ‹ዋጋው ካልወረደ ማን ይገዛናል?› አሉኝ። ዛሬ ነጅሜቲን እውነቴን ሊያወጣልኝ ነበር። አሁን ሞተ፤ እኔ ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ። እስር ቤት ብሞት ሚስቴ ምን ብላ ትናገራለች? ‹ባሌ ሽጉጥ መግጠም አያውቅም ነበር›?»

ሹክራን ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ጓንቷን ቀየረችና የሽጉጧን ሆድ በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው፤ ጠብታ ዘይት የለበትም። አፍንጫዋን ብታስጠጋው የትንባሆ ቅጠል ሸተታት።

«ቱ! የገዛ እጄ ይሆናል» ብላ ተነጫነጨች። ጓንቱን አውልቃ ጣለችው፤ በሰባሃቲን ሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ንፋስ ላይ ቆማ እጇን አሸተተች። ሳሙና ብቻ ነው። ተመልሳ ሽጉጧን አሸተተች። ትንባሆ።

«ሰባሃቲን፣ እዚህ ኮሎኛ አለህ?»

«እንዴት አይኖረኝም! ለእንግዳ የማስቀምጠው የሎሚ አለ።»

«ጥሩ። ሁሉንም ጎጆ ውስጥ ሰብስብልኝ። ትናንት የተፈተነችውን ሽጉጥም አምጣ፤ ያልጸዳችውን።»

ጎጆው ጠባብ ነው፤ ምድጃው ይጨሳል። ሪፍቂ ቤይ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሂዲር ኡስታ በፖሊሶቹ መሐል ቆሙ። ሹክራን የትናንቷን ሽጉጥ ካዝና አወጣች፤ ጥይት እንዳልጎረሰች ደጋግማ አየችና ለሪፍቂ ቤይ ዘረጋችላቸው።

«ባዶ ናት። እያወራሁ ይያዙልኝ፤ ጠረጴዛ የለም።»

ሪፍቂ ቤይ በሁለት ጣታቸው ተቀበሏት። ጥላሸቱ ወዲያው እጃቸው ላይ ታተመ።

«ሻምበል ባሻ ተኩስ ላይ ነበሩ ተብሏል» ስትል ጀመረች። «ታዲያ የጆሮ መከላከያቸው ለምን አንገታቸው ላይ ሆነ? መነጽራቸውስ ለምን ኪሳቸው ውስጥ ታጠፈ? ዕድሜ ልኩን የተኮሰ ሰው ጆሮውን ሳይሸፍን ቃታ አይስብም። ጆሮን የሚገልጡት ሰው ለማናገር ነው። አጠገባቸው የሚያናግሩት ሰው ነበር።»

«እሺ፣ ሂዲር ነዋ!» አሉ ሪፍቂ ቤይ።

«ይደረስበታል። ሁለተኛ፣ ሽጉጧ ነከሰችባቸው ተብሏል። ጠዋት የነከሰችው ስለቆሸሸች ነው። እሳቸው የሞቱባት ሽጉጥ ግን ንጹሕ ናት፤ ከጸዳች በኋላ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሳለች። እሳቸው ዒላማ ሲያዩ አንድ ሰው ፈትቶ ወልውሏታል፤ ከምሳ በኋላ እንዳትነክስ፣ ፈተናውን እንድታልፍ።»

ሰባሃቲን ማንኪያውን ጣለ። «በሻምበል ባሻ ሽጉጥ ላይ? እብድ ነው!»

«ማን ነው ታዲያ? ሰባሃቲን ከሆነ ዘይትና ጨርቅ ለማውጣት ቁልፉ በእጁ ነው። ሂዲር ኡስታ ከሆኑ ዘይቱ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ብረት ወልውሎ ደረቁን የሚተው ባለሙያ ደግሞ የለም። ሽጉጧ ግን ደረቅ ናት። ያጸዳት ሰው መፍታት ያውቃል፤ ዘይት ግን አልነበረውም። ጥላሸቱን ባገኘው ነገር አለቀለቀው። በኮሎኛ።»

ሪፍቂ ቤይ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

«የሰባሃቲን ኮሎኛ ሎሚ ነው። የሽጉጧ ሆድ የሚሸተው ትንባሆ ነው። እኔም ስመጣ ትንባሆ የሚሸት ኮሎኛ መዳፌ ላይ አንጠባጥበውልኛል።»

«አገሩ በሙሉ ኮሎኛ ይይዛል!» ሪፍቂ ቤይ ጮኹ። «እኔ መኪናዬ ውስጥ ስልክ ላይ ነበርኩ ብዬሻለሁ! መፍታትም አላውቅም!»

«ጉም ውስጥ ስልክ? ሰባሃቲን እስከ ዋናው መንገድ የሮጠው ለጤናው አይደለም።» ሹክራን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መፍታቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሪፍቂ ቤይ፣ እጅዎን ይመልከቱ።»

ሁሉም ተመለከቱ። እሷ ስታወራ፣ እነዚያ ለስላሳ እጆች ሥራቸውን ይዘው ነበር። ሽጉጧ ጭናቸው ላይ ተፈታታለች፤ የላይኛው ብረት በግራ፣ አፈሙዟ በቀኝ፣ ሞላዋ በጣቶቻቸው መሐል። በመሐረብ ይወለውሏታል። መሐረቡ ከኪሳቸው የወጣ የሐር መሐረብ ነው፤ አሁን ያቆሸሹት አንድ ጠርዙን ብቻ ነው። የቀረው ከዚህ በፊት በጥላሸት ጠቁሯል።

ሹክራን ጎንበስ ብላ መሐረቡን ወሰደች። አሸተተችው፤ ለሂዲር ኡስታም አቀበለቻቸው። ሽማግሌው አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ።

ሪፍቂ ቤይ የገዛ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ያዩታል። «በልጅነታችን ያሠለጠነን ኡስታ ቆሻሻ መሣሪያ ካየ ጣታችንን በሞረድ ይመታን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔንም ነጅሜቲንንም። ዛሬ ገጥሜ ስነሳ ነጅሜቲን ከኋላዬ ቆሟል። ጆሮውን ገለጠና፣ ‹አጠብካት አይደል?› አለኝ። ‹ዝም በል፣ ቤቴ ይፈርሳል፣ ፈርምልኝ› ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ‹ለጥበቃው ልጅም ልትለምንለት ትመጣለህ፣ ሽጉጡ ስትነክስበት?› አለኝ። እጄ ውስጥ ነበረች። እንዴት እንደተነሳች... እሱ እኮ እየሳቀ ነበር።»

«ከዚያ እጃቸው ላይ አስጨብጠው ሂዲር ኡስታን ወነጀሉ።»

ፖሊሶቹ ከሂዲር ኡስታ አጠገብ ለቀው በሪፍቂ ቤይ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ይዘዋቸው ሲወጡም ጉሙ ተቀበላቸው።

ሂዲር ኡስታ ባዶው ወንበር ላይ የቀረችውን ቀጭን ሞላ አንስተው በሁለት ጣታቸው ጨመቋት፤ ለቀቋት። ደክማ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች።

«አየሽ?» አሉ። ደስታ የሚባል ነገር ድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። «ይኸው ነው ስል የኖርኩት።»

«አይቻለሁ፣ ኡስታ። ይጻፋል።»

እሳቸው ግን እጃቸው ሹክራን ምድጃው ዳር ወዳስቀመጠችው የዘይት ጠርሙስ ሄዷል። «የነጅሜቲኗ ደረቅ ናት ብለሻል። በዚህ ጉም ዝገት ይይዛታል። ትንሽ ጠብታ ብቻ፣ ልጄ...»

ሹክራን እርጥብ ጫማዋን እየጎተተች ጠርሙሱን ቀድማ አነሳችና ኪሷ ከተተችው።

«ዝገቱ ይያዛት» አለች። «ፈተናው ገና አላለቀም።»