ሎላ የሚለው ቃል

«አካኮ አሟቸዋል» አለች ፈድሊያ። «ከትናንት ጀምሮ ከመኝታቸው አልተነሱም።»

አጸደ ከቅርጫቱ ያነሳችውን የቡና ችግኝ እንደያዘች ቀና አለች። ፈድሊያ ግን አላየቻትም። ጎንበስ ብላ የጉድጓዱን አፈር በእጇ ታለሰልሳለች። አካኮ የምትላቸው አያቷን አባቦራን ነው። አጸደ ደግሞ አባቦራን ዛሬ ጠዋት አይታቸዋለች። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ሽማግሌው ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ዶማቸውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፉ፣ ወደ ድሮው መንደር የሚወስደውን አቀበት ሲወጡ ነበር። የታመመ ሰው አካሄድ አልነበረም።

«ይማራቸው» አለች አጸደ።

«አሚን።»

ችግኙን ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችው። ሥሩ እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጋ ይዛ ሳለ፣ ፈድሊያ አፈሩን ዙሪያውን ጠቀጠቀችው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሥራ ላይ አፋቸው አይዘጋም ነበር።

የ1978 ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የመንደሩ ወጣት ማኅበር ልጆች ጠዋት ጠዋት በገበሬ ማኅበሩ የጋራ ማሳ ላይ ችግኝ ይተክላሉ፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የኪነት ልምምድ አለ፤ ቅዳሜ ውይይት። መንደሩ ራሱ ገና አዲስ ነው። ድሮ ሰዉ ላይ ከጋራው፣ ከቡናው ጥላ ሥር፣ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይኖር ነበር። በበጋው መንደር ምሥረታ መጣና ቤቱን እያፈረሰ ወረደ። ጎጆዎቹ ቡልቡላ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ በሲባጎ በተለካ መስመር፣ ፊትና ኋላ ተሰለፉ።

የአጸደ ቤተሰብ ከወላይታ የመጣው አምና ነው። አባቷ እንድርያስ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በቀን ሥራ ተቀጥሯል። በመጡ ሰሞን ማንም ሳያናግራት መጀመሪያ «ኮቱ፣ ነይ» ያለቻት ፈድሊያ ናት። ኦሮምኛም ያስተማረቻት እሷ ናት። እስከዛሬ አልዋሸቻትም። ወይም አጸደ ሳትይዛት ቀርታለች።

*

ልምምዱ ሲያልቅ ጎሳዬ «አንቺ ቆዪ» አላት።

ጎሳዬ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ከጅማ ከተማ፣ ቦሳ አዲስ ከሚባለው ሰፈር ነው የመጣው። የላስቲክ ቦቲው ጫፉ ተቀዶ ውኃ ስለሚያስገባ፣ በተራመደ ቁጥር ጭቅ ጭቅ ይላል። ልጆቹ ከሩቅ ሲሰሙት «ጓድ ጭቅጭቅ መጣ» ይባባላሉ። አሁን ግን አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ ቦቲው አላሳቃትም።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው። የት ለመድሽው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤት» አለ እየደገመ። «ሐሙስ ሐሙስ ቤታችሁ የሚዘመረውስ፣ የትምህርት ቤት መዝሙር ነው?»

አጸደ ከበሮውን ከግድግዳው ጋር አስጠጋችው። ወላይታ ሳሉ የሚዘምሩበትን ቤተ ክርስቲያን መንግሥት ካሸገው ቆይቷል። እዚህ የሚዘምሩት በሩን ዘግተው፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ፣ ከዝናቡ ድምፅ በታች ነው። ማን ሰማ? በግራ ያለው ጎረቤት? ወይስ በቀኝ ያለው? ቤቶቹ በሲባጎ ከተለኩ ወዲህ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ጆሮ ቅርብ ሆኗል።

«እኔ በበኩሌ ጉዳዬ አይደለም» አለ ጎሳዬ። ድምፁ አልከረረም፤ የደከመ ነበር። «ግን ወረዳ ሪፖርት አምጣ ይለኛል። መንደሩ ውስጥ ምንም የለም ብዬ ብልክ፣ 'አንተ ተኝተሃል' ነው የሚሉኝ። የማቀርበው ሌላ ነገር ካለኝ የእናንተን ማንሳት አያስፈልገኝም። አባቦራ ቤት ትገቢያለሽ አይደል?»

«አንዳንዴ።»

«ሰው እየተሰበሰበ ነው እዚያ ቤት። ለምን እንደሆነ እስከ ቅዳሜ አጣሪልኝ።»

አጸደ እሺም እምቢም አላለችም። ጎሳዬ ግን እሺ እንዳለች ቆጥሮ ጭቅ ጭቅ እያለ ወጣ።

*

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመረች። መፈለጓ አልነበረም፤ ዓይኗ ራሱ አልተዋት አለ። የፈድሊያ እናት ዙቤይዳ በረጅሙ ሻሿ ሥር የሆነ ነገር ሸሽጋ አቀበቱን ስትወጣ አየች፤ የተሸሸገው ነገር ይንቀሳቀሳል። ዶማና አካፋ የያዙ ወንዶች፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ባንድ ወደ አባቦራ ቤት ሲገቡ አየች። አንድ ላይ አይመጡም። ሲወጡም አንድ ላይ አይወጡም። ፈድሊያን «እነማን ናቸው?» ብትላት «ሊጠይቋቸው ነዋ፤ የታመመ አይጠየቅም እንዴ?» አለቻት። የታመመ ሊጠይቅ ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው አጸደ አይታ አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት እናቷ ከእነፈድሊያ የተበደረችውን ወንፊት እንድትመልስ ላከቻት። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር እየሮጠች ሄዳ፣ እነፈድሊያ ከሚኖሩበት ከአባቦራ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ቆመች። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ የወንዶች ድምፅ ሰማች። ኦሮምኛው ፈጥኖ ያልፋታል፤ እዚህ አንድ ቃል፣ እዚያ አንድ ቃል ትይዛለች። ከዚያ የአባቦራ ድምፅ ብቻውን መጣ። የበሽተኛ ድምፅ አልነበረም። ረጋ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ሎላፍ ቆጳኣ» አሉ።

ቆጳኣ ተዘጋጁ ማለት ነው፤ ከሎላ ጫፍ ያለው 'ፍ' ደግሞ 'ለ' ማለት ነው። ሎላም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ በኪነት ቡድኑ የኦሮምኛ መዝሙር ውስጥ አለ፤ ጎሳዬ ራሱ ትርጉሙን ነግሯቸዋል። ጦርነት ነው።

ለጦርነት ተዘጋጁ።

ወንፊቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሳታንኳኳ፣ በዝናቡ ተመለሰች። መንገድ ላይ ጎሳዬ ከአዳራሹ በር ቆሞ አያት።

«እህ?» አላት።

«የሆነ ነገር እየተዘጋጁ ነው» አለች። አፏ ቀደማት።

«ለምን?»

«ገና... በደንብ አልሰማሁም።»

ጎሳዬ ራሱን ነቀነቀ። «ቅዳሜ» አለ።

ማታ አባቷ በዝግታ ሲያነብ፣ ከዚያም ሦስቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ፣ አጸደ አፏን ብቻ አንቀሳቀሰች። ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር።

*

ዓርብ ዝናቡ ጋብ ሲል ሴቶቹ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ቡልቡላ ወረዱ። አጸደና ፈድሊያ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ትናንሽ ልጆች ከወንዙ ጥግ ይንቦጫረቃሉ። ከላይ በኩል ጋራው በጥቁር ደመና ተሸፍኗል።

ድንገት ዙቤይዳ ከወንዙ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ሳሙናውን ጣለችው።

«ሎላ!» ብላ ጮኸች። «ሎላ! ልጆቹን አውጡ!»

ሴቶቹ ልጆቹን በክንዳቸው እየጎተቱ ወጡ። አጸደም ልብሷን አፍሳ ሮጠች። ዞር ስትል ወንዙ መልኩን ለውጧል፤ ቀይ ውኃ፣ አረፋና የተሰበረ ቅርንጫፍ ይዞ እየገፋ ወረደ። ተቀምጠውበት የነበረውን ድንጋይ ሸፈነው። የአንዷን ሳፋ ወሰደው። ማንም አልተጎዳም፤ ሴቶቹ ትንፋሻቸው ሲመለስ በሳፋዋ መሳቅ ጀመሩ።

አጸደ አልሳቀችም። «ምን ነበር ያሉት እናትሽ?»

«ሎላኣ። ጎርፍ።»

«ሎላ ጦርነት አይደለም እንዴ?»

ፈድሊያ ሳቀች። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ፋራ። ጦርነቱ አጭር ነው፣ ሎላ። ጎርፉን ጫፉ ላይ ሳብ ታደርጊዋለሽ፣ ሎላኣ...» ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

«ዝም ብዬ።»

«ትናንት ወንፊቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሳታንኳኪ ሄድሽ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጎሳዬ ጋ ቆመሽም ያዩሽ ሰዎች አሉ። እሱ ነው የላከሽ?»

«አያትሽ አልታመሙም» አለች አጸደ። «ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ዋሽተሽኛል።»

ፈድሊያ የረጠበ ነጠላዋን መጭመቅ ጀመረች። ውኃው ካለቀ በኋላም መጭመቋን አላቆመችም።

«አካኮ ልጅ ሳሉ ይሄ ወንዝ ሜዳው ላይ ሲተኛ አይተዋል» አለች በመጨረሻ። «ካስማው ሲተከል ይህንኑ ተናገሩ። መንደር ምሥረታን ያጥላላሉ ተብለው አጋሮ ወስደው አሰሯቸው። ሲፈቱ ድጋሚ እንዳይናገሩ አስፈርመዋቸዋል። ስለዚህ አይናገሩም። እህላችንን ላይ ወዳለው ያልፈረሰ ጎተራ እያወጣን ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ደግሞ ቦይ መቆፈር ይፈልጋሉ። ላይመጣም ይችላል፤ አላህ ያውቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ሂጂና ንገሪው።»

አጸደ ፊቷን ተመለከተች። ይህቺ ልጅ አንድ ጊዜ ዋሽታለች፤ ሁለተኛ መዋሸት አይከብዳትም። ደግሞም ጎርፍ የሚለው መልስ ልክ በጊዜው ነው የተገኘላት።

«አያትሽ ሎላፍ ነው ያሉት» አለች አጸደ። «'ፍ' ሲጨመርበትስ? ጦርነቱ ያኔም አጭር ነው?»

ፈድሊያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቃሉን በከንፈሯ ሁለቴ ሞከረችው። አዎ ብትላት አጸደ የምታጣራበት መንገድ አልነበራትም።

«አይ» አለች ፈድሊያ። «'ፍ' ሲገባ እሱም ይሳባል። ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ጎርፍ ይሁን ጦርነት በቃሉ አይለይም።»

የማይጠቅማትን መልስ ነው የሰጠችው።

አጸደ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። «እናትሽ በሻሻቸው ሥር ይዘውት የሚወጡት ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነዋ። ጎርፍ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያልቀው ዶሮ ነው።»

ለጦርነት የሚዘጋጅ ሰው ዶሮ ታቅፎ አቀበት ሲወጣ አጸደ በሐሳቧ ልትስለው ሞከረች። አልሆነላትም።

*

ቅዳሜ ከውይይቱ በፊት ጎሳዬ ከአዳራሹ ጀርባ ጠበቃት። ቦቲውን አውልቆ ውኃውን እያፈሰሰ ነበር።

«እሺ። የሚዘጋጁት ለምንድን ነው?»

ጎርፍ ብትለው እውነት ነው። ግን ያው እውነት ነው ሽማግሌውን አጋሮ ያሳሰራቸው።

«ተሳስቼ ነው» አለች አጸደ። «አባቦራ አሟቸዋል። ሰዉ የሚመጣው ሊጠይቃቸው ነው።»

«ታመዋል?»

«ከመኝታቸው አልተነሱም። አይቻቸዋለሁ።»

ጎሳዬ ቦቲውን አጠለቀ። «የኔ እህት፣ ባዶ ወረቀት መላክ አልችልም ብዬሻለሁ» አለ። «በሚመጣው ሐሙስ እናንተ ቤት እመጣለሁ። መዝሙራችሁን አዳምጬ፣ የምታነቡትንም አያለሁ።»

«ይምጡ» አለች። አንተ ስትለው ኖራ ለምን እርስዎ እንዳለችው ራሷም አላወቀችም።

ቤት ስትገባ አባቷን ብቻውን አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ሐሙስ አፏ የቀደማትንም ጭምር። እንድርያስ አልተቆጣትም። አልጋው ሥር ገብቶ መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣ። ጥቁር ልባሱ ጠርዙ ላይ ተልጧል።

«ለማን ነው የምትሰጪው?» አላት።

«ለፈድሊያ።»

«ያውቃሉ እነሱ ምን እንደሆነ?»

«አልነግራቸውም። እነሱም አይጠይቁም መሰለኝ።»

«መሰለኝ» አለ አባቷ። ቢሆንም ለችግኝ የሚያገለግል ላስቲክ ፈልጎ መጽሐፉን ደጋግሞ ጠቀለለው። በግማሽ ጆንያ በቆሎ መሃል ቀበረውና አፉን አሰረ።

ፈድሊያ የአቀበቱ መነሻ ላይ ነበረች። በነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። አጸደ ጆንያውን እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ይሄንንም ላይ አድርሱልኝ። እንዳይረጥብ።»

ፈድሊያ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ዳበሰችው። እጇ ከበቆሎው መሃል ጠንካራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብላ አጸደን አየቻት።

«በቆሎ ነው?»

«በቆሎ ነው።»

«የናንተ አገር በቆሎ ማዕዘን አለው እንዴ» አለች ፈድሊያ፤ ከዚያ በላይ ግን አልጠየቀችም። «እንግዲህ እኔ ይሄን ከተሸከምኩ አንቺ ይቺን ያዢ።»

አጸደ ዶሮዋን ተቀበለችና ነጠላዋ ሥር ሸሸገቻት። የዶሮዋ ልብ ክንዷ ላይ ይመታል። ታች፣ አዳራሹ በር ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ሰማዩን ይሁን እነሱን የሚያየው ከዚህ አይለይም።

«አትዙሪ» አለች ፈድሊያ።

አጸደ አልዞረችም። መንገዱ ስለሚያዳልጥ ፊት ፊት እያየች መውጣት ጀመረች።