ለሁለት የተካፈለ ኪኒን

በጃንሆይ ዘመን፣ ባቡሩ እንፋሎቱን ትቶ ናፍጣ መጠጣት በጀመረበት ሰሞን፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ያላትን ብቻዋን መብላት የማይሆንላት ወይዘሮ የኔነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ዘይቱን ብትገዛ ለግቢው ነው፤ ባሏ ከጅቡቲ ቴምር ይዞ ቢመጣም ለግቢው ነው። ዝናዋ ግን ከሁሉ ይልቅ የቆመው አልጋዋ ሥር በምታኖራት አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ነበር።

ቆርቆሮዋ ውስጥ ብስኩት የለም፤ ያለው ከታመመ ሁሉ የተረፈ ኪኒን ነው። ባሏ ገብረ መድኅን ዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ስለሆነ ቤተሰቡ በነፃ ይታከማል፤ እሷም ከታዘዘው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ታስቀራለች። ነጩም፣ ቢጫውም፣ ድፍጥጡም አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይንኳኳል። ራሱን ያመመው ወይም ሆዱን የቆረጠው ጎረቤት ሲመጣ ዓይኗ ያረፈበትን አንሥታ ትሰጠዋለች። አብዛኞቹ ይድናሉ። ባትሰጣቸውም ይድኑ እንደነበር ማን ይንገራት? ምርቃቱ ይዘንብላታል፤ እሷም ምርቃት አትጠላም።

ክረምቱ እንደወጣ ገብረ መድኅን ከቆላው ወባ ይዞ ገባ። ብርድ ልብስ ተደራርቦበትም ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ክሊኒክ ሄዶ የወባ ኪኒን ተሰጠው፤ እስኪያልቅ ዋጥ ተባለ። የመጀመሪያዎቹን እንደዋጠ ትኩሳቱ በረደና ተነሥቶ ፉል ካልበላሁ አለ።

"ተመስገን፣ ድነሃል" አለች የኔነሽ፣ የቀረውን ኪኒን ከፊቱ እያነሣች።

"እስኪያልቅ ብለውኛል እኮ።"

"ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ነገ የሚታመም አይጠፋም።"

እውነትም አልጠፋም። በዚያው ሳምንት እዚያው ግቢ የምትኖረው ዑግባድ በወባ ወደቀች። ዑግባድ ከጅቡቲ በሚመጣ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ናት። የኔነሽ በወለደች ቁጥር ያረሰቻት፣ ልጆቿንም አዝላ ያሳደገችላት እሷ ናት፤ ከእኅት አትተናነስም። የኔነሽ ቆርቆሮዋን አቅፋ ሮጠች። የባሏን ትራፊ አዋጠቻትና ዑግባድ በማግስቱ ቀና አለች።

"ነያ፣ አንቺ ሴት፣ እጅሽ ሺፋ ነው፣ ፈውስ ነው ወላሂ!" አለቻት። የኔነሽ ያን ቀን ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ደስታው ግን አልከረመም። ገብረ መድኅን ከጉዞ በሰው ትከሻ ተደግፎ ተመለሰ፤ ትኩሳቱ ከፊተኛው የባሰ ነበር። ዑግባድም ዳግመኛ ወደቀች። እንዲያውም ሰው መለየት አቅቷት የኔነሽን በሟች እናቷ ስም ትጠራት ጀመር። የኔነሽ ቆርቆሮዋን ከፈተች፤ የወባው ኪኒን አልቋል። አንዱን ነጭ አነሣች፣ መለሰች፣ ሌላውን አነሣች። ያን ሁሉ ዘመን ስትሰጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ፈራ። ጋሪ አስጠርታ ሁለቱን በሽተኞች ከነቆርቆሮዋ ይዛ ክሊኒክ ደረሰች።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ ሰማታር፣ ዑግባድን መርፌ ወግቶ አስተኛት፤ ለገብረ መድኅንም አዲስ ኪኒን ቆጥሮ ሰጠው። ከዚያ ወደ የኔነሽ ዞረ።

"አቶ ሰማታር፣ ኪኒኑ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለች። "መጀመሪያ እኮ ሁለቱንም አድኗቸው ነበር።"

"ማንንም አላዳነም፣ እትዬ። የአንድ ሰው ነበር፤ ለሁለት አካፈሉት።"

"ማካፈል ኃጢአት ነው እንዴ?" ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

"ቴምር ቢሆን አጅር ነው፣ ጽድቅ ነው። ወባ ግን በደም ውስጥ የሚራባ ነፍስ ያለው ነገር ነው። የመጀመሪያው ኪኒን ብዙውን ሲገድለው ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ሰውም ዳንኩ ይላል። የቀረውን የሚጨርሰው እርስዎ ቆርቆሮ ውስጥ የከተቱት ነበር። እሱ ሲጓደል የቀረው ይራባና ተመልሶ ይመጣል።"

ቆርቆሮዋን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። "ይህ አስፕሪን ነው። ሕመምና ትኩሳት ያበርዳል እንጂ ወባን አይነካም፤ ጨጓራው የቆሰለ ሰው ከወሰደው ደግሞ ያደማዋል። ይህ ሰልፋ ነው። ለሚያመረቅዝ ቁስል ይሆናል፤ ያውም ብዙ ውሃ ተጠጥቶበት። ይህን ግን አላውቀውም።"

"እርስዎም?"

"እኔም። ስለማላውቀውም ለማንም አልሰጥም።"

የኔነሽ ያን ኪኒን ለእነማን እንደሰጠች ልታስታውስ ሞከረች። ለማን አልሰጠችም! ዑግባድ እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ዑግባድ በሦስተኛው ቀን የኔነሽን በገዛ ስሟ ጠራቻት። "አብሽሪ፣ አልሞትኩም" ብላም ሳቀችባት። ሁለቱም በሽተኞች ኪኒናቸውን እስከ መጨረሻው ዋጡ፤ የኔነሽ እንደ ዘበኛ ፊታቸው ቆማ እያየች። ደግነት መልካም ነው፤ የታመመ ሰው ግን ከደግነታችን በፊት በሽታውን የሚያውቅለት ይፈልጋል። የታዘዘልንን እንጨርስ፤ ያልታዘዘልንን አንንካ።

ጥቂት ከርሞ ደሄቦ የምትባል ጎረቤት ትኩሳት ይዟት የየኔነሽ በር ላይ መጣች። "እስቲ ያቺን ቆርቆሮሽን ክፈቺልኝ።"

የኔነሽ ከፈተች። ቴምር ነው የሞላው።

"ኪኒኑስ? አቦ፣ አንቺም ስስታም ሆንሽ?"

ቃሉ የኔነሽን ወጋት፤ በዕድሜዋ ስስታም ተብላ አታውቅም። ቢሆንም ነጠላዋን አንሥታ ጫማዋን አጠለቀች።

"በኪኒን አዎ፣ ሆኛለሁ" አለች፣ ደሄቦን ክንዷን ይዛ እየደገፈች። "በእግሬ ግን አልሰስትም። ክሊኒክ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ጠብቁኝ፣ እኔም አለሁ!" አለች ዑግባድ ከወዲያ ቤት፣ ሻሿን እያሰረች። ሦስቱም ቀስ እያሉ የከዚራን ዛፎች ጥላ ይዘው ወረዱ።