ኮሪደሩ ላይ የምናሳልፈው

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያልፈለገ ይተወው... እኔ በሰው አፍ አልሰማሁትም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ደግሞ ተወልጄ ያደግኩበት ቤት፣ ሳሎኑን ከወጥ ቤቱ የሚያገናኘው ረጅም ኮሪደር...

ሥራዬ ጆሮው ለደከመ ሰው የመስሚያ መሣሪያ መግጠም ነው። እማዬን ግን ለዓመታት ስለምናት ኖሬያለሁ። "የአሮጊት ጌጥ አታንጠልጥዪብኝ" እያለች ታስቀኝ ነበር። በመጨረሻ እሺ አለችኝና ገጠምኩላት።

አዲስ መሣሪያ የገባለት ሰው መጀመሪያ ላይ ይሳቀቃል። የፍሪጁ ድምፅ፣ የልብሱ መፋተግ፣ የራሱ እርምጃ... ሁሉም ይጮህበታል።

ጆሮ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። የሚፈለገውን ለይቶ ሌላውን ገሸሽ የሚያደርገው አንጎል ነው። ድምፅ ርቆት የቆየ አንጎል ይህን እንደገና እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ለደንበኛ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ይታገሱ፣ ይለመዳል።

እማዬ በማግስቱ ደወለችልኝ።

"ኮሪደሩ ላይ... የሚተነፍስ ሰው አለ" አለች፣ በሹክሹክታ።

ሳቅኩ። የራስሽ ትንፋሽ ነው አልኳት።

"ትንፋሼን ውጬ ነው የሰማሁት።"

አባዬ ከሞተ ወዲህ በዚያው ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው። አእምሮዋ እየከዳት ይሆን እንዴ? በዓለም ላይ ከዚያ በላይ የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

ግን የሥራዬ ነገር ሆኖ ለእሷም ያንኑ አልኳት። ታገሺ እማዬ፣ ይለመዳል...

ከሳምንታት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷ ፈክቷል። እየፈራሁ ስለ ድምፁ ጠየቅኳት።

"አሁንማ አይሰማኝም። እንዳልሽው ለመድኩት" አለች።

እፎይ አልኩ።

ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ...

ጎኗን አዙራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ከፊቷ የሚመጣ ሰው የምታሳልፍ ይመስል።

ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች።

ስትመለስም እንዲሁ።

"እማዬ... ማንን ነው የምታሳልፊው?"

"የምን ማሳለፍ?"

እውነቷን ነው፣ አላወቀችውም።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። አንጎል የለመደውን ነገር ለእኛ መንገር ይተዋል እንጂ... እሱ ራሱ አይረሳውም። በለመድነው ቤት የጠረጴዛውን ጠርዝ ሳናስበው ዞረነው እንደምናልፈው ነው።

ተነስቼ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ወለሉ ንጹሕ፣ ብርሃኑ ደማቅ። ማንም የለም።

"አየሽ? ባዶ ነው" አልኳት ስመለስ መሃሉ ላይ ደርሼ፣ እሷንም ራሴንም ላጽናና።

የእማዬ ፊት አመድ መሰለ።

"ልጄ... አንቺም ዞርሽ።"

ቁልቁል ራሴን አየሁ። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ቀስ ብዬ ተላቅቄ ዞርኩ። የተለጠፍኩበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቋል። በእኔ ትከሻ ልክ። ዝቅ ብሎ በእማዬ ልክ። ከፍ ብሎ በአባዬ።

ከሁሉም በታች ደግሞ... በልጅ ትከሻ ልክ። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ።

ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ እንደ አዲስ ነው።

ከኮርኒሱ ሥር ብቻ... ማንም እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ ላይ... ቀለሙ ተፍቋል።