የቅዳሜ ደንበኛ

«ዛሬ ደግሞ ጫማሽን እንዳታወልቂ!» አለ ጎፈሬ፣ እናቱን ወደ በሩ እየገፋ።

ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ መልሳ አውልቃለች። በየቅዳሜው ጤና ጣቢያ ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ቤታቸው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች እየተሰበሰቡ ያወራሉ። ነርሷ «ላንቺም መድኃኒት ነው» ብላታለች። ግን ልትወጣ ስትል አባቷ ይረበሻሉ፤ እሷም ትቀራለች።

«ከተቸገርክ ደውል፤ ክንፍ አውጥቼ እመጣለሁ።»

«ለዚህ እኮ ነው የማልደውለው!»

ሃያ ደቂቃ ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ አያቱ ከሶፋው ተነሱና የበሩን እጀታ ይታገሉ ጀመር። አርባ ዓመት ፀጉር ቆራጭ ነበሩ።

«ክፈት! ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው!»

ጎፈሬ ሻይ አቀረበ፤ ቴሌቪዥን ከፈተ። ወይ ፍንክች!

«ቆይ፣ አንተ ማን ነህና ነው የምትቆልፍብኝ?»

ይህቺ አመመችው። ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ቁጥር ፈለገ። ሊደውል ሲል ግን ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት አየና አንድ ሐሳብ መጣለት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ አስቀመጠ፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አደረገ።

«አባባ፣ ደንበኛ መጥቷል።»

አያቱ እጀታውን ለቀቁ። «ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ቁጭ በላ!»

ጎፈሬ ቅጽል ስሙን ያገኘው በፀጉሩ ነው። ስምንት ወር አሳድጎታል። ጓደኞቹ «ከሱ በፊት ፀጉሩ ክፍል ይገባል» ይሉታል። ሰኞ የትምህርት ቤቱ የዳንስ ውድድር ነው፤ ፊት ሆኖ የሚዘለው እሱ፣ አብሮት የሚዘለውም ፀጉሩ ነው። ስለዚህ ብልጥ ሆኖ የፀጉር ማሽኑን ሳይሰካ ሰጣቸው።

አያቱ አንዴ አስኬዱት፤ ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ይሄ ሞቷል። ጎረምሳው፣ ልታሞኘኝ ነው?» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

በአንድ በኩል ስልኩ፣ በሌላ በኩል ሶኬቱ። እናቱ ይሄኔ ገና ወንበር ይዛ፣ ምናልባትም ማውራት ጀምራ ይሆናል። «ወይኔ ፀጉሬ!» አለና ማሽኑን ሰካው።

ብርጭቆ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው የአያቱ እጅ ጸጥ አለ። ጆሮውን በሁለት ጣት አጠፍ አድርገው ቀስ ብለው ዞሩት።

«ይሄን ሁሉ ስትሸከም አንገትህን አላመመህም?»

ጎፈሬ ሳቀ። ከዚያ ወንበር ላይ ተኝቶ ስላንኮራፋ አንድ ደንበኛ ነገሩት። ሦስት ጊዜ ነገሩት። ሦስት ጊዜም ሳቀ፤ ሦስተኛው ከልቡ ነበር።

እናቱ ፊቷ ፈክቶ ገባች። «አንዷ የባሏን ጫማ ፍሪጅ ውስጥ አገኘችው አሉ! እኔ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎኝ...» ልጇን ስታይ አፏን ያዘች። «ፀጉርህ! ሰኞ እኮ...»

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉ አያቱ ፎጣውን እያራገፉ። «የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ እንጂ አስተዳደጉ ያስታውቃል።»

እናቱ ሳቀችም፣ ዓይኗንም ጠረገች። «በቃ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርብኝ። ደግሞ ምንህን ልትቆረጥ ነው?»

ጎፈሬ መስታወቱን አየ። ጆሮው ትልቅ ነው ለካ! ስለ አያቱ ለጓደኞቹ ተናግሮ አያውቅም፤ ማንንም ቤት ጠርቶ አያውቅም። «ሽቦ» የሚሉት የክፍሉ ልጅ ደግሞ ፀጉሩ አድጎ ዓይኑን ሊጋርደው ምንም አልቀረውም።

«ሽቦ፣» ብሎ ጻፈለት፣ «አያቴ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ጎበዝ ፀጉር ቆራጭም ናቸው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት እኛ ቤት ና፤ እስከዚያ እንዳትቆረጥ።»

ላከው። ወንበሩን ወደ ቦታው ሊመልስ ብድግ አደረገና እዚያው መስታወቱ ፊት መልሶ አስቀመጠው።