ለእንጀራ ወንድም የሚመረጥ ዱላ

«እጅህን ሰብስብ! የምመርጠው እኔ ነኝ» አለ ባዩ፣ የደሴን እጅ ከዱላዎቹ ላይ ገፍትሮ።

«ምረጣ! ማን ያዘህ?» ደሴ ወደ ጎን እንትፍ አለ። «እኔ እንደሆን ስለ ዱላ ምን አውቄ? የቆላ ልጅ አይደለሁ? ራስህ ነህ እንዲያ ስትለኝ የከረምከው።»

ገና ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አርብ ገበያ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። አያ ማሬ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ጫፋቸው የተቆለመመ የገና ዱላዎችን ጆንያ ላይ ደርድረዋል።

የባዩ አባት አቶ ሀብቴ ጠዋት የጃንሆይ መልክ ያለበትን ስሙኒ ሲሰጡት፣ «ወንድምህ ገና ተጫውቶ አያውቅም። ዱላ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ደህናውን ምረጥለት» ነበር ያሉት።

ወንድምህ! ቃሉ ባዩን ሲቆረቁረው ዋለ። እናቱ ከሞተች ዓመት ሳይሞላ ካሣነሽ የምትባል ሴት ከስማዳ ልጇን አስከትላ የአባቱ ሚስት ሆና ገባች። ይኸው አሁን ደሴ የሚተኛው የባዩ እናት ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ነው።

ባዩ ሁለት ዱላ አነሣ። አንዱ ከወይራ ሥር የተቆረጠ፣ ጫፉን ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችው፣ ልጡ እንኳ በቅጡ ያልተላጠ አስቀያሚ ነው። ሌላው በቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል። ባዩ ግን አልተታለለም፤ ይህኛው ቀጥ ብሎ የበቀለ፣ በእሳት ተለብልቦ የጎበጠ እንጨት ነው። ድንጋይ ላይ መታ መታ ቢያደርገው የነቃ ማሰሮ ድምፅ ሰጠ። ከቅቤው ሥር ስንጥቅ አለ። የገናዋን ኳስ፣ ሩሯን፣ ሦስት ጊዜ ቢለጉበት ነው፤ በአራተኛው ጫፉ ተገንጥሎ ይበራል። ምናልባትም የደሴን ፊት ይመታል። ሰፈሩም ይስቃል።

«ይቺን» አለ የሚያብረቀርቀውን እያቀበለው።

አያ ማሬ ቀና ብለው አዩት። «ለጀማሪ ነው አላልክም? የወይራዋ እኮ በአሥር ሳንቲም ትሄድልህ ነበር።»

«የሚያምር ነው የሚፈልገው፣ አያ ማሬ።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ስሙኒውን ተቀበሉ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ደሴ ዱላውን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ሌላ ልጅ ቢሆን ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ይለጋበት ነበር። ባዩን አናደደው።

«ለምን አትሞክራትም?»

«እንዳትሰበር ነዋ።»

ባዩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደንቆሮ መሰልኩህ?» አለ ደሴ። «ድንጋዩ ላይ ስትመታት እኔም ሰምቻለሁ። የገና ዕለት አባትህ እያዩ እሰብራታለሁ። ያን ጊዜ ማን እንደመረጣት ይጠይቁሃል።»

«ፊትህን ብትፈነክትህስ?»

«ትፈንክተኝ! ዓይኔም ቢጠፋ ያጠፋኸው አንተ ነህ።» ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚናገረው። «እዚህ ብርዳም አገር ልምጣ ያልኩ መሰለህ?»

ባዩ ዱላዋን አየ። ዓይን። ገበያው ላይ ሲያስበው «ፊት» ብሎ ብቻ ነበር ያለፈው።

«አምጣት» አለ።

«አልሰጥም!»

ነጠቀውና ዳገቱን መልሶ ወጣ። ደሴ ከኋላው እየሮጠ፣ «ሸረኛ! ፈሪ!» እያለ እስከ ገበያው ድረስ ተከተለው።

አያ ማሬ ጆንያቸውን ሊጠቀልሉ ተነሥተዋል። ባዩ የሚያብረቀርቀውን መለሰና የወይራውን አነሣ። አያ ማሬ አሥራ አምስት ሳንቲም መለሱለት። ባዩ ዱላውን የደሴ ዳሌ ላይ ለካው፤ ልክ ነው።

ደሴ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «አስቀያሚ ናት።»

«አትሰበርም።»

«እኔ ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ነው የምሰለፈው። በሷው ቁርጭምጭሚትህን ነው የምልህ።»

«መጀመሪያ ሩሯን ማግኘት ቻል» አለ ባዩ። የልጁን ሁለት እጆች አየ፤ ዱላውን እንደ እረኛ በትር ከላይ ጨብጦታል። ይህን አያያዝ ይዞ ቢገባ አንድም ኳስ አይነካም፤ የታች ሰፈር አንድ ሰው ጎደለው ማለት ነው።

«ግራ እጅህን ዝቅ አድርግ» አለውና ፊቱን አዙሮ ቁልቁለቱን ወረደ።