ያልተጠራው ስም

ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የመምህር አስናቀ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው ወደቀ። በመቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው ጸጉራቸውን ታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። ልጃቸው የኔአለም እስክሪብቶውን አንስታ ቀና ስትል የአባቷ አፍ ወደ ግራ ተጣሟል።

መምህር አስናቀ ከወሎ መጥተው በመቐለ ለሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን በክፍል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሌላ ተማሪ ያለ ይመስል፣ «የኔአለም አስናቀ» ብለው ይጣራሉ። «አቤት» ካለች ዳቦዋን ትቀበላለች። ከዘገየች ደግሞ «ቀሪ» ይሉና የዳቦዋን ጫፍ ይገምጡባታል። እንዴት ያለ ጠዋት ነበር!

የዚያን ዕለት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኣረጋሽ የዳማከሴ ቅጠል እያሹ ደረሱ። የኔአለምን እንደ እናት ሆነው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አትደንግጪ። ምች ነው፤ ጸጉሩን ታጥቦ ፀሐይ መታው።»

«አደይ ኣረጋሽ፣ ሆስፒታል ብንወስደውስ?»

«ለምች? መርፌ ከነካው አለቀለት። ተሸፋፍኖ ይተኛ።»

የኔአለም የሦስተኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ናት፤ ከክፍሏም አንደኛ። ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲቋረጥ ሴሎች ኦክስጅንና ግሉኮስ እንደሚያጡ፣ ካልሲየም በገፍ እንደሚገባባቸው፣ ከዚያ የሚፈጠሩት ጎጂ ሞለኪውሎች ዲኤንኤውን ሳይቀር እየበጣጠሱ ሴሉን እንደሚገድሉት ከወር በፊት በክፍል ፊት አስረድታ ተጨብጭቦላታል። ያንን ሁሉ እያወቀች ያሳደጓትን ሴት መቃወም አፈረች። ብርድ ልብሱን አምጥታ አባቷን ያለበሰችው ራሷ ናት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ፣ አንደበታቸውም አልፈታ አለ። በባጃጅ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀ። የኔአለም ሰዓቱን ከነደቂቃው ነገረችው። ሐኪሙ የእጅ ሰዓቱን አየና፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ከንግግራቸውም ከእጃቸውም የሚተርፍ ነገር ይኖር እንደነበር በዝግታ ነገራት።

በዓመቱ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሐቢብ ፊቱ ተጣመመ። ጎረቤቱ ዳማከሴ ሲፈልግ መንገድ ላይ ቆመው ባጃጅ ያስቆሙት ወይዘሮ ኣረጋሽ ነበሩ። «ቅጠሉን ተዉት፤ እኔ በቅጠል ሰው ከመዳን አስቀርቻለሁ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር አንጎል የሚሞተው በደቂቃ ነው። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ የሚያውቁትን በአክብሮት መናገርም የአክብሮቱ ክፍል ነው።

የኔአለም አሁንም ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ታቀርባለች። የአባቷን መነጽር ወልውላ ታደርግላቸውና ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች።

«አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል። እባክህ፣ ስም ጥራ።»

መምህር አስናቀ ዳቦውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ አተኩረው ያዩአታል።