ጌታ ሆይ፣ እኔን ብቻ!

እስቲ ጠጋ በሉ። ጠጋ አላችሁ? ጎሽ!

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። እማዬ ጭን ላይ መቀመጥ እንደ እሷ የሚወድ ልጅ አልነበረም።

ያ ጭን የትርሲት ነበር። የትርሲት ብቻ!

አንድ ቀን እማዬና አባዬ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ጥቅልሉ «ኡዋ! ኡዋ!» አለ።

«ወንድምሽ ነው፤ ናኦድ ይባላል» አላት አባዬ።

ናኦድ እማዬ ጭን ላይ ተኛ። ጠዋትም እዚያው፣ ማታም እዚያው!

ጎረቤቶች የአራስ ገንፎ ሊበሉ መጡ። «እሰይ! ዓይኑ ሲያምር! ጣቱ ሲያምር!» አሉ።

ትርሲት አፏን ከፍታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። የፊት ጥርሷ ያን ዕለት ወልቆ ነበር፤ ማንም አላየላትም።

ማታ እማዬ እንደ ወትሮዋ አማተበችና መጸለይ ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ናኦድን ጠብቅልኝ። ናኦድን አሳድግልኝ። ለናኦድ ጤና ስጥልኝ... ትርሲትንም።»

ትርሲትንም? መጨረሻ ላይ? በአንዲት ቃል ብቻ?

ትርሲት ቀናች። ሚጥሚጣ የበላች ይመስል ሆዷን አቃጠላት።

«አባዬ፣ እግዜር መቼ መቼ ነው የሚሰማው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁልጊዜ ነዋ! ስትነሺም፣ ስትበዪም፣ መንገድ ላይም ብታናግሪው ይሰማሻል» አላት አባዬ።

ትርሲት አልጋዋ ላይ ሆና አሰበች። «እማዬ ናኦድን ስታቅፍ ለእኔ ቦታ የላትም። እንግዲያው እኔ ቀኑን ሙሉ እግዜርን ካናገርኩት፣ ለናኦድ ጊዜ አይኖረውም!»

አይ ትርሲት! እንዲህ ያለ ብልጠት የት ታይቶ ያውቃል?

ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ እኔን ብቻ!»

ፊቷን ታጠበች፤ ቿ! ቿ! «ጌታ ሆይ፣ እኔን ብቻ!»

ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች በላች። አፏ እንደ ሞላ፣ «ዌታ ዎይ፣ እዌን ዊቻ!»

ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባጃጅ መጣ፤ ጢጥ! ጢጥ! እዚያም ውስጥ ከንፈሯ አላረፈም። «ጌታ ሆይ፣ እኔን ብቻ!»

«ከማን ጋር ነው ወሬው?» አሏት ሾፌሩ ጋሽ ደምሰው በመስታወት እያዩአት።

«ከእግዜር ጋር» አለች ትርሲት። «ሌላ ሰው ቢደውል መስመሩ ተይዟል!»

በዚህ ዓይነት ሰነበተች። አፏ ጸሎት ለመደ።

አባዬ «ልጃችን ጸሎተኛ ሆነች» ብሎ ደስ አለው። ምን ብላ እንደምትጸልይ ግን አልጠየቃትም።

እየቆየ ስለ ራሷ ለእግዜር የምትለው ነገር አለቀባት። ስለ ጫማዋ ነገረችው። ጉልበቷ ላይ ስላለው ቁስል ነገረችው። ደግማ ስለ ጫማዋ ነገረችው።

አንድ ጠዋት እማዬ ጸጉሯን ልታበጥርላት ተቀመጠች። ትርሲት ደስ አላት፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኡዋ! ኡዋ!» ማበጠሪያው ጸጉሯ ላይ እንደተሰካ ቀረ። እማዬ ወደ ናኦድ ሮጠች።

የዚያን ቀን ትርሲት ባጃጁ ውስጥ ሌላ ጸሎት ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ናኦድን መልሰህ ውሰደው!»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን የከፈቱላት ጎረቤታቸው እትዬ ውብዓለም ነበሩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ኡዋ የሚል የለም።

«ናኦድስ?» አለች ትርሲት።

«ሄደ እኮ! ነይ ምሳሽን ብዪ» አሉ እትዬ ውብዓለም። ልብስ እያሰጡ ነበርና ዞር ብለው አላዩአትም።

ሄደ? ትርሲት ክው አለች። እግዜር ሰምቷት ወሰደው ማለት ነው!

ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። «ጌታ ሆይ፣ ተሳስቼ ነው! መልስልኝ! አሁን እሱን ስማው፤ እኔ ዝም እላለሁ።»

በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች። መስመሩን ለናኦድ ለቀቀችለት።

ዝም... ዝም... ዝም...

ኳ! ኳ! ኳ! «ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

እማዬ መጣች! ናኦድን አቅፋዋለች። «ክትባት አስከትቤው መጣሁ። መርፌዋን አልወደዳትም» አለች።

ትርሲት ከአልጋ ሥር ወጣች። እጇ አሁንም አፏ ላይ ነው።

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ትርሲት እጇን ስታነሳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሁሉንም ተናገረች። እኔን ብቻ ያለችውንም፣ ውሰደው ያለችውንም።

እማዬ አልተቆጣችም። ናኦድን ለእትዬ ውብዓለም ሰጠችና ትርሲትን እቅፍ አደረገቻት።

«የኔ ልጅ፣ ሁለት እጅ ብቻ ያለኝ እኔ ነኝ። እግዜር እጅ አያጥረውም። አንቺን ሲሰማ ናኦድንም ይሰማል።»

«ውሰደው ስለውስ?» አለች ትርሲት በቀስታ።

«ቀንተሽ እንደሆነ ያውቃል። ናኦድ የሄደው ሊከተብ ነው እንጂ አንቺ ስላልሽ አይደለም። ሲከፋሽ ለእግዜር ንገሪው፤ ለእኔም ንገሪኝ።»

ከዚያ እማዬ ድንገት አየች። «ውይ! ጥርስሽ መቼ ወለቀ?»

«ድሮ!» አለች ትርሲት።

ታዲያ ቅናቱ ለቀቃት? ኧረ የት! በማግስቱ ናኦድ አዲሱ ቀሚሷ ላይ ሸና፤ ጭራሽ ሁሉም ሳቀለት።

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ቀንቻለሁ» አለች ትርሲት ፊቷን ስትታጠብ። ቿ! ቿ!

ባጃጁ ውስጥም ነገረችው። ጢጥ! ጢጥ! ስትነግረው ቀለል ይላታል።

የዚያን ምሽት ሁሉም አልጋው ላይ ተሰብስበዋል። የትርሲት ዓይን ሊከደን ምንም አልቀረውም።

የናኦድ አፍንጫ ሽብሽብ አለ። «እ... እ... እጥሽ!»

እማዬ አፏን ሳትከፍት፣ አባዬ ቀና ሳይል፣ «ይማርህ!» አለ አንድ ድምፅ።

ትርሲት ናት! ማንም አላዘዛትም፤ ከአፏ ዘሎ ወጣ።

ይማርህ ማለትም እኮ ጸሎት ነው። ትንሽዬ ጸሎት።

ይማርህ የተባለ ሰው ደግሞ «ያኑርሽ» ብሎ ይመልሳል። ናኦድ ግን መናገር የት አውቆ! አረፋውን ይነፋል እንጂ።

ስለዚህ እማዬ ድምፅዋን አቅጥና በእሱ ፋንታ መለሰች። «ያኑርሽ፣ እታለሜ!»

ትርሲት ናኦድን ትክ ብላ አየችው። ትንሿን ጣቱን ያዘች።

«አሜን» አለችው። ጣቱን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።